ጎማ የሌለው ቤት

«ገመዱ ደረሰሽ?» አሉ አያቷ ከውጭ።

«ደረሰኝ፣ አባባ። ትንሽ ልቀቅልኝ።»

ቤሪት ከቤታቸው ስር በጀርባዋ ተንጋላ፣ በክርኖቿ መሬቱን እየገፋች ወደ ውስጥ ተሳበች። የወለሉ ሆድ ከአፍንጫዋ በላይ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው፤ ብርድ እንዳይገባ የተወተፈ የሚያሳክክ ቢጫ ጥጥ እዚህም እዚያም ተዘርግፎበታል። ግንባሯ ላይ ያሰረችው ባትሪ የሸረሪት ድር፣ የዛገ የቢራ ጣሳና ባለፈው ዓመት የጠፋባትን የግራ እጅ ጓንት አሳያት። ጓንቱን አንስታ ኪሷ ከተተችው።

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የውሃ ቧንቧዎቹን በኤሌክትሪክ በሚሞቅ ገመድ መጠቅለል የቤቱ ትንሽ ሰው ሥራ ነው። ካልተጠቀለሉ የሞንታና ብርድ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ድሮ የእናቷ የትሪና ሥራ ነበር፤ አሁን ተራው የቤሪት ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ግን ገና አልሰማም። በቅርጫት ኳስ ቡድኑ ውስጥ «ኪስ ውስጥ የምትገባዋ» እያሉ ይቀልዱባታል። ከቤት ስር ግን አጭር መሆን ያስከብራል።

ዘንድሮ እናቷ ትእዛዙን ቀይራዋለች። ሙሉውን እንዳትጠቀልዪው፣ በረዶው ሳይከብድ እንሄዳለን፣ ለጥቂት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ አድርጊ ብላታለች። ቀጥላም፣ እግረ መንገድሽን ጎማዎቹን እዪልኝ፣ ተንፍሰው ከሆነ ለሰውዬው አስቀድሜ ልንገረው አለች። ሰውዬው ማለት ቤት ጎታቹ አቶ ራስመሰን ነው።

ቤታቸው ተጎታች ቤት ነው፤ እንደ ባቡር ፉርጎ ረጅምና ጠባብ። እናቷ ልጅ ሳለች በከባድ መኪና ተጎትቶ መጥቶ ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። ከታች ዙሪያውን ቆርቆሮ ለብሷል፤ ሰፈርተኛው ያንን ቆርቆሮ ቀሚስ ይለዋል። ቀሚሱ ስር ምን እንዳለ የሚያውቅ፣ በዓመት አንዴ ከምትገባው ልጅ በቀር ማንም የለም። እሷም ብትሆን ቧንቧዎቹ ካሉበት ከኋላው ክፍል አልፋ አታውቅም።

አሁን አለፈች። የቤቱ መሃል ስትደርስ ባትሪውን ወደ ግራ አዞረች። ብሎኬት ነው። ወደ ቀኝ አዞረች። እዚያም ብሎኬት ነው። ጎማዎቹ መኖር በነበረባቸው ቦታ ባዶ የብረት ማቀፊያዎች ዝገው ተንጠልጥለዋል። ወደ ፊት ተሳበችና ቤቱ ከመኪና ጋር የሚያያዝበትን መጎተቻ ፈለገች፤ እሱም የለም። ብረቱ በመጋዝ የተቆረጠበት አፉ ብቻ ይታያል። ሰው ቁልፍ ይጠፋበታል፣ ካልሲ ይጠፋበታል፤ የቤቱ ጎማ የሚጠፋበት ግን ብዙ አይገኝም።

«አባባ» ብላ ተጣራች። «ጎማዎቹ የታሉ?»

ገመዱ መለቀቁን አቆመ።

«አባባ?»

«ነይ ውጪ» አሉ አያቷ ኦርቪል በመጨረሻ። «መሬቱ ይቀዘቅዝሻል።»

ነገሩ ለምን እንዳስደነገጣት ለመረዳት የሰፈሩን ጣጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰፈሩ «ሦስቱ ጥዶች» ይባላል፤ ከጥዶቹ የቀረው አንድ ነው፣ እሱም ዘሟል። እዚያ የሚኖር ሰው ቤቱ የራሱ ነው፣ ቤቱ የቆመበት መሬት ግን የሌላ ነው፤ ለመሬቱ በየወሩ ኪራይ ይከፈላል። ባለ መሬቱ ለረጅም ዘመን አንድ ሽማግሌ ነበር። ኪራይ ያጠረው ሰው ሲያይ ዓይኑን ወደ ተራራው የሚያዞር፣ እግዜር የባረከው ሽማግሌ። ሲሞት ልጆቹ መሬቱን ለሩቅ ኩባንያ ሸጡት። ኩባንያው ፊት የለውም፤ ሲደውሉለት ሙዚቃ ያሰማል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የቦታው ኪራይ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ቀረው።

ትሪና በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌና ባልቴት ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ነዳጅ ማደያው ሱቅ ውስጥ ትቆማለች። ደመወዟ ላይ ዘንድሮ በሰዓት ጥቂት ሳንቲም ተጨምሮ ነበር፤ ጭማሪውን እንቁላል ብቻውን በላው ብላ ስቃለች። ቤሪት የኑሮ ውድነትን የምታውቀው ከዜና አይደለም፣ ከፍሪጁ ነው። መጀመሪያ የብርቱካን ጭማቂው ጠፋ። ቀጥሎ አይቡ እየሳሳ ሄደ። ከዚያ እናቷ ሥራ ቦታ በልቼ መጣሁ ማለት አበዛች።

በሐምሌ የትሪና ወንድም ዴል ደወለ። በስተምሥራቅ፣ የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ከብት የሚያረባበት ሜዳ አለው። ቤታችሁን ጎትታችሁ አምጡና አስቀምጡት፣ ኪራይ የሚባል ነገር የለም አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትሪና ሳህን ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ቤሪት መሄዱን አልፈለገችም፤ ቡድኗ እዚህ ነው፣ ጓደኛዋ ዴዝ እዚህ ናት። ግን የእናቷን እንጉርጉሮ ከሰማች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበርና አፏን ዘጋች። አቶ ራስመሰን በስልክ ጎማና ጎማዎቹ የሚሽከረከሩበት አክስሉ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ትሪና በጎማ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ ብላ መለሰችለት። እሱም ጎማ ከሌለው ዋጋው ሌላ ነው፣ ለአሮጌ ቤት እንዲያ ያለ ወጪ አልመክርም አለ። በመጪው ዓርብ ቀብድ ልትከፍለው ተስማሙ። ቀብዱ ከማደያው ሥራ በጋውን ሙሉ ያጠራቀመችው ነው፣ ከተከፈለ አይመለስም።

ቤሪት ጸጉሯ ላይ ጥጥ ተሸክማ ወጣች። ኦርቪል የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ የገመዱን ጥቅል ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሟች ሚስታቸው ሎሬን የተከለችውን ሊላክ የሚባል የአበባ ቁጥቋጦ እያዩ ነበር። ቅጠሉ ረግፏል።

«ሸጥኳቸው» አሉ።

«ምኑን?»

«ጎማውንም አክስሉንም። ለአንድ ድርቆሽ ለሚያጭድ ሰው። መጎተቻውን ራሴ ቆረጥኩት።»

አያቷ ወሬ የሚያረዝሙ ሰው አይደሉም፤ ያን ቀን ግን አረዘሙ። በወጣትነታቸው የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበሩ። አንዱ መሰንጠቂያ ሲዘጋ ቤታቸውን ከመኪና ጋር አያይዘው ሌላው ወደተከፈተበት ይሄዳሉ። ጉዞው ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ነው፣ መንገዱ መኪና ሳይበዛበት። ትሪና ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ቀን ከእንቅልፏ ስትነቃ ራሷን በካልሲዋ ብቻ መኪና ውስጥ አገኘችው፤ ጫማዋ ከዕቃው ጋር ተጭኗል፣ ውጭው በረዶ ነው። ከዚያ በኋላ ጫማዋን ሳታደርግ አልተኛም አለች። ሎሬን እንቅልፍ ሲወስዳት ታወልቅላታለች፤ ጠዋት ግን እግሯ ላይ ያገኙታል። ሦስቱ ጥዶች ከመጡም በኋላ አልተወችውም።

የዚህም ከተማ መሰንጠቂያ ተዘጋ። ኦርቪልን ሌላ ክፍለ ሀገር ያለ መሰንጠቂያ በጥሩ ደመወዝ ጠራቸው፣ መኪናም ተከራዩ። ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ልጃቸውን ደህና እደሪ ሊሏት ገቡ። ብርድ ልብሱ ስር እግሯ ላይ ያሉት ሁለቱ ጫማዎች ተደርድረው ቆመው አዩ።

«በማግስቱ ጎማዎቹን ሸጥኩ» አሉ። «እዚሁ ትምህርት ቤት ጽዳት ተቀጠርኩ። ደመወዙ የመሰንጠቂያውን ግማሽ አይሞላም። ማታ ገብቼ፣ ጫማሽን አውልቂ፣ ይሄ ቤት ከእንግዲህ የትም አይሄድም አልኳት።»

«አወለቀች?»

«አወለቀች።»

ቤሪት ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ለምን እስካሁን አልነገርካትም ብላ ጠየቀቻቸው። አያቷ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ልጅ ሆና በማይገባት ነገር ላስጨንቃት አልፈለግኩም፣ ካደገች በኋላ ደግሞ ማን ስለ ጎማ ያወራል አሉ። ዴል የደወለ ቀን ግን መናገር እንደነበረባቸው ያውቁታል።

«ፊቷን አየሁት» አሉ። «ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋትና አቃተኝ። ሦስት ወር ሙሉ አቃተኝ። ዛሬ ስትጠይቅሽ ደህና ናቸው በያት። እኔው ራሴ እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«እነግራታለሁ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።»

ማታ ትሪና የማደያውን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሳ ስትገባ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጎማዎቹስ አለች። ቤሪት ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተክላ ደህና ናቸው ብላ መለሰች። ኦርቪል ጨው አቀብዪኝ አሉ፤ ጨው ፊታቸው ነበር።

ትሪና ዴል የላከላትን ፎቶ በስልኳ አሳየቻቸው። ባዶ ሜዳ፣ አጥር፣ ከሩቅ ሰማያዊ ኮረብታ። የወጥ ቤቱን መስኮት በዚህ በኩል እናደርገዋለን፣ ውሻም ልናሳድግ እንችላለን አለች። ቀጥላም ማደያውን የምትለቅበትን ቀን ነገረቻቸውና፣ እሁድ እሁድ ምን እንደሚሠራ ረስቼዋለሁ ብላ ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ ሶፋው ላይ ስልኳን እንደያዘች አንቀላፋች። እግሯ ላይ የሥራ ጫማዋ እንዳለ ነው። ቤሪት አጠገቧ ቆማ ጫማውን አየችው። ይህን ጫማ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ ድካም ነው ብላ ታልፈው ነበር።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ዴዝ ቦርሳዋን ከመቀመጫው ላይ አንስታ ቦታ ለቀቀችላት። የዴዝ እናት ጄኒን የሰፈሩን ሰው እያሰባሰበች ነው። ኩባንያው መሬቱን መልሶ ሊሸጠው ነው የሚል ወሬ አለ፤ ከግማሽ በላይ የሆነው አባወራ ከፈረመ ነዋሪው ማህበር አቋቁሞ ከባንክ ተበድሮ መሬቱን ራሱ ለመግዛት ሊጠይቅ ይችላል። ፊርማው ግን ግማሽ ላይ ሊደርስ ሲል ቆሟል።

«እናትሽ አሁንም አልፈርምም አለች?» አለች ዴዝ።

«እንሄዳለን እኮ፣ ምን ብላ ትፈርም?»

«እሱን አውቃለሁ። ችግሩ እሷ ካልፈረመች ግማሹ ረድፍ አይፈርምም። የዚያ ሁሉ ሰው እናትና አባት በእሷ እጅ ነው የተጦረው። ትሪና እንኳ ተስፋ ቆርጣ እየሄደች እኛ ምን አስቀመጠን ይላሉ።» ዴዝ በመስኮቱ ላይ በጣቷ ኳስ ሣለች። «ሂጂ በቃ። እኔ ከነዚያ ፋራዎች ጋር ብቻዬን እጫወታለሁ። ኳስ የሚያቀብለኝ እንኳ የለም።»

«አቦ ሙድ አትያዢብኝ።»

«ሙድ አልያዝኩም» አለች ዴዝ። ድምጿ ትንሽ ተሰበረ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቤሪት ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰባት። ልትናገረው የፈለገችው ምስጢሩ ስለከበዳት ብቻ አልነበረም። ቤቱ እንደማይንቀሳቀስ እናቷ ካወቀች፣ ቤሪት የፈለገችው ሁሉ ይሆናል፤ ቡድኑ ይቀራል፣ ዴዝ ትቀራለች። የሚያስጨንቃት ይሄው ነበር። እናቷ ደስ ባላት ነገር መሃል ገብታ፣ አያቷን አሳልፋ ሰጥታ፣ በመጨረሻ የምትጠቀመው ራሷ ናት። ዝም ካለች ደግሞ የበጋው ልፋት ሁሉ አቶ ራስመሰን ኪስ ገብቶ ይቀራል።

ኦርቪል ማክሰኞ አልተናገሩም። ረቡዕም አልተናገሩም። ረቡዕ ማታ አንዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ትሪና» አሉ፤ ቀና ስትል ግን ነገ በረዶ ሳይጥል አይቀርም ብለው ተኙ።

ሐሙስ ቤሪት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ የማይጮህ በር ዘይት ሲቀቡ አገኘቻቸው። መጽሐፎቿን አስቀምጣ አጠገባቸው ቆመች።

«አባባ፣ ነገ ቀብዱን ልትከፍል ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ አልነግራትም። ብነግራት ለራሴ ብዬ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም መሄድ አልፈልግም። ደግሞ የአንተ ነገር ነው፣ ካንተ አፍ ብትሰማው ይሻላል።» ትንፋሿን ሳበች። «ግን ነገ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ከወጣች መኪናው ፊት እቆማለሁ። የምሬን ነው። ዛሬ ማታ ከነገርካት አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ኦርቪል ዘይቱን ዘጉ። ጣታቸውን በጨርቅ ደጋግመው ጠረጉ። ያን ጊዜ ቤሪት አዘነችላቸው፣ ግን ቃሏን አልመለሰችም።

«በየትኛው በኩል ትቀመጫለሽ?» አሉ።

«በቀኝህ።»

እራት ዴል ከላከው የአጋዘን ሥጋ የተሠራ የባቄላ ወጥ ነበር። ቤሪት ወንበሯን ወደ አያቷ አስጠጋች። ትሪና በቀኑ መጦሪያው ውስጥ አንዲት ባልቴት የሌላዋን ሰው ሠራሽ ጥርስ አጥልቃ ምሳ እንደበላች እያወራች ነበር። ኦርቪል ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ቤቱ ጎማ የለውም አሉ፤ አጀማመራቸው እንዲሁ ነበር፣ ያለ መግቢያ። ከዚያ የቀረውን ተናገሩ፤ ድርቆሽ የሚያጭደውን ሰው፣ ጎማዎቹን የሸጡበትን ጊዜ፣ የቆረጡትን መጎተቻ። ስለ ጫማው ሊናገሩ ሲሉ ድምጻቸው ከዳቸውና እዚያ ላይ አቆሙ። ቤሪት ጠረጴዛው ስር እጃቸውን ያዘች።

ትሪና አልጮኸችም። ወደ ቤሪት ዞረች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ከእሁድ ጀምሮ።»

«ደህና ናቸው አላልሽኝም?»

«ዋሸሁሽ» አለች ቤሪት።

ትሪና ከወንበሯ ተነስታ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን የግንባር ባትሪ አነሳችና ወጣች። ቀሚሱ ላይ ያለው ትንሽ በር ሲከፈት የቆርቆሮው ድምፅ ተሰማ። ኦርቪል ሊነሱ ሲሉ ቤሪት ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ጃኬቷን ደርባ ተከተለቻት።

እናቷ ከነሥራ ልብሷ የቤቱ መሃል ድረስ ተስባ በጀርባዋ ተኝታ ነበር። ባትሪው ባዶውን ማቀፊያ ያበራል። ቤሪት ጎኗ ተጋደመች። ከበላያቸው የኦርቪል እርምጃ ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆመ።

«ያን ሜዳ በልቤ ስንቴ ተቀመጥኩበት መሰለሽ» አለች ትሪና። «መጋረጃ ሁሉ መርጬ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብሎ ያየኛል።»

«ፈርቶ ነው።»

«ይፈራል እንጂ። እኔ ብሆንስ አልፈራም?» ድምጿ ተናዶ ነበር፣ ዓይኗ ግን ከብረቱ ላይ አልተነሳም። እጇን ዘርግታ ዝገቱን ዳሰሰችው።

«ልጅ ሆኜ ከነጫማዬ ነበር የምተኛው» አለች ቆይታ።

«ነግሮኛል።»

«አንድ ቀን መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና አውልቂ አለኝ። ይሄ ቤት የትም አይሄድም አለኝ። አውልቄ ተኛሁ። ካደግኩ በኋላ ሳስበው፣ ዝም ብሎ ሊያስተኛኝ ያለው ነው እል ነበር። ወላጅ ይላል አይደል፣ እኔም ላንቺ ስንቱን ብያለሁ።» እንባዋ በጎን ወደ ጆሮዋ ወረደ። «ቀድሞ ሸጦ ነው ለካ የመጣው። እውነት አድርጎት ነው የነገረኝ።»

ቤሪት ኪሷ ውስጥ ያለውን የግራ እጅ ጓንት አውጥታ ሰጠቻት። ትሪና በጓንቱ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ ይሄ ነገር ዓመት ሙሉ የት ከርሞ ነው እንዲህ የሚሸተው አለች። ሁለቱም መሬት ላይ ተጋድመው ሳቁ። ከላይ ያሉት እርምጃዎች ሳቁን ሰምተው ይመስላል ከመስኮቱ ተነሱ።

ሲገቡ ኦርቪል ሳህኖቹን አጥበው ጨርሰው ነበር። ትሪና በሩ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። አንዱን አወለቀች፣ ሌላውን አወለቀች፤ ከአባቷ ጫማ ጎን አስቀመጠቻቸው። ከዚያ በካልሲዋ ሄዳ ከአባቷ ትከሻ ላይ ግንባሯን አሳረፈች። አባዬ፣ በጣም ተናድጄብሃለሁ አለቻቸው። ኦርቪል፣ ተናደጂ ልጄ፣ ተናደጂ እያሉ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ።

ዓርብ ትሪና ለአቶ ራስመሰን ደውላ ቀረ አለችው። ለዴልም ደወለች፤ ስልኩ ላይ ስታለቅስ ቤሪት በበሩ ሰማች፣ አልገባችም። ኪራዩ አልቀነሰም፣ እንቁላሉም እንደተወደደ ነው። የማደያው ፈረቃም እንደነበረ ይቀጥላል፤ ነገም ከሰዓት ተረኛ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ትሪና ቡናዋን ይዛ በመስኮቱ ፊርማ ወደምታሰባስበው ወደ ጄኒን ቤት ስታይ ቆየች። ቤሪት ገንፎዋን እየበላች ጠበቀች። ትንሽ ቆይታ እናቷ ስኒውን አስቀመጠችና የአባቷን የቤት ነጠላ ጫማ ተጫምታ፣ የሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ ወጣች። ነጠላ ጫማው ሰፍቷት በውርጩ ላይ እየጎተተች መንገዱን ተሻገረች፤ የጄኒን በር ተከፈተላት።

ቤሪት ሳህኗን አጠበች። የተረፈው የገመድ ጥቅል ጓዳው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አወረደችው። ባትሪውን ግንባሯ ላይ አሰረችና ወጣች። ኦርቪል ባልዲያቸውን ይዘው ከኋላዋ መጡ።

«ለጥቂት ሳምንት የሚበቃውን ጠቅልለሽ የለ?» አሉ።

«ሙሉውን ነው የምጠቀልለው» አለች ቤሪት።

ኦርቪል ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡና ጥቅሉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ቤሪት የገመዱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ በጀርባዋ ወደ ውስጥ ተሳበች፤ ባለፈው እሁድ ያቆመችበትን ቦታ በባትሪው ፈልጋ አገኘችው፣ ከዚያው ቀጠለች።